የሜራፒ ጠባቂ

ልጄ፣ በጃቫ ደሴት መካከል፣ ከዮግያካርታ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሜራፒ የሚባል ተራራ አለ። ጂኦግራፊ በማስተምርበት ዘመን እሳተ ገሞራ ላይ ስደርስ የምጠራው ቬሱቪየስን ነበር፤ መማሪያ መጽሐፉ የሚያውቀው እሱን ነውና። ዛሬ ጠመኔ ይዤ ሰሌዳ ፊት ብቆም ግን ከሜራፒ ሌላ አልመርጥም። ምክንያቱን እያወጋሁሽ ትደርሺበታለሽ። የምጠራቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ብቻ ያዢልኝ።

መጀመሪያ የተራራውን ጠባይ እወቂ። ቁመቱ 3,000 ሜትር ይጠጋል። ኢንዶኔዥያ ካሏት ከ120 በላይ ሕያው እሳተ ገሞራዎች መካከል እንደ እሱ ዕረፍት የማያውቅ ጥቂት ነው፤ የፍንዳታው ወሬ ከ1548 ጀምሮ ሲጻፍ ኖሯል። ቅልጥ ዐለቱ ወፍራም ነው። በፊልም እንደምታዪው የሐዋይ ላቫ ቀይ ወንዝ ሆኖ አይወርድም። ገንፎ ሲንተከተክ እንደሚያደርገው ከአፉ ላይ ይቆለላል፣ ላይ ላዩ ይረጋል፣ ከሥር የሚገፋው ሲጨምርበት ያብጣል። ቁልሉ ራሱን መሸከም ሲያቅተው ይናዳል፤ ውስጡ ታፍኖ የቆየው ጋዝም ይለቀቃል። ያን ጊዜ የጋለ አመድ፣ ድንጋይና ጋዝ ተደባልቆ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየተወነጨፈ ሸለቆ ሸለቆውን ይወርዳል። ሙቀቱ በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ነው። የአገሬው ሰው ከሩቅ ሲያየው ጸጉሩ የተንጨባረረ በግ ይመስለዋልና በዚያው ስም ይጠራዋል። በሩጫም በመኪናም የሚያመልጡት አይደለም። ከእሱ የሚያድን አንድ ነገር ቢኖር ከመምጣቱ በፊት አለመገኘት ነው።

ታዲያ ሰው ለምን እዚያ ይኖራል ትዪኝ ይሆናል። አመዱ ሲበሰብስ የሚሰጠውን አፈር ብታዪ አትጠይቂም ነበር። ታች ሩዝ፣ ላይ አትክልትና ለወተት ላም የሚሆን ሣር ይበቅላል። ተራራው በየጊዜው የሚያወርደውን አሸዋ እንኳ እየቆፈሩ ለግንባታ ይሸጡታል። በተራራው ጎንና ግርጌ የሚኖረው ሕዝብ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው፤ ከቅድመ አያት የወረሰው መሬት ነውና ሌላ የሚሄድበት የለውም።

አሁን ስለ አመጣጡ የሚተርኩትን ስሚ። ደሴቲቱ ስትፈጠር ወደ አንድ ወገን አዘንብላ ነበር አሉ። አማልክቱ ሚዛኗን ለማስተካከል በደቡብ ባሕር በኩል የነበረውን ጃሙርድዊፓ የተባለ ተራራ አንሥተው መካከሏ ላይ ሊያኖሩ ተስማሙ። ተራራው በሚያርፍበት ቦታ ግን ኤምፑ ራማና ኤምፑ ፐርማዲ የሚባሉ ሁለት ቀጥቃጮች ክሪስ የሚሉትን የተቀደሰ ጩቤ ይሠሩ ነበር። ተነሡ ቢባሉ፣ የጀመርነውን ሳንጨርስ አንነሣም አሉ። ልመናም ማስፈራሪያም አልመልሳቸው ሲል ተራራው በላያቸው ተጣለ። እነሱ ከሥር ተቀበሩ፤ ምድጃቸው ግን አልጠፋም። የሜራፒ አፍ ያ ምድጃ ነው። በነገራችን ላይ፣ እኛ አገር ቀጥቃጭን ከሰው ተራ የሚያወጣ፣ ቡዳ የሚያደርግ ወሬ ስንት ዘመን ሲወራ ኖረ! እዚያ ቀጥቃጩ አማልክትን እምቢ ለማለት የበቃ ሰው ነው። ይህን ወድጄላቸዋለሁ።

ሁለተኛው ተረት ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ የማታራምን መንግሥት ያቆመው ሰኖፓቲ በደቡብ ባሕር ዳር ሱባኤ ገብቶ ሳለ የባሕሯ ንግሥት ራቱ ኪዱል ተገለጠችለት። ለእሱና ከእሱ ለሚወለዱት ነገሥታት ሁሉ ጠባቂ ልትሆን ቃል ገባች፤ አንድ እንቁላልም ሰጠችው። እንቁላሉን ግን የበላው ሰኖፓቲ ሳይሆን የቤተ መንግሥቱ አትክልተኛ ሆነ። በልቶ ሳይጨርስ ሰውነቱ ተለወጠ፣ የሚያስፈራ ግዙፍ ፍጡር ሆነ። ንጉሡ አልገደለውም፣ አላባረረውምም፤ ወደ ሜራፒ ልኮ ተራራውን እንዲጠብቅ ሾመው።

እንደ እነሱ እምነት ከተራራው ውስጥ ያለው ባዶ ጉድጓድ አይደለም። ግቢ ነው፤ ሹም፣ ወታደር፣ ሠረገላ፣ ከብት ያለበት። አረንጓዴ ለብሳ የተራራውን ልምላሜ የምትጠብቅ ኛይ ጋዱንግ መላቲ የምትባል እመቤት አለች። ፔትሩክ የሚሉት ሽማግሌ መንፈስ ደግሞ ክፉ ቀን ሲቃረብ ለነዋሪው በሕልም ይነግራል። ተራራው ሲነሣ ፈነዳ ማለት ነውር ነው፤ ግቢው ድግስ አለበት፣ ወይም ቤቱን እየሠራ ነው ይባላል። በዓመት አንድ ጊዜ፣ የዮግያካርታ ሱልጣን ዙፋን የያዘበት ቀን ሲታሰብ፣ ከቤተ መንግሥቱ ጨርቅና ዕጣን ሌላም መባ ይወጣል፤ ከፊሉ ወደ ባሕሩ ይወርዳል፣ ከፊሉ ወደ ተራራው ይወጣል። ላቡሃን ይሉታል። ተራራው፣ ቤተ መንግሥቱና ባሕሩ በአንድ መስመር የቆሙ ናቸው፤ ሱልጣኑ መካከል ሆኖ ሁለቱን ያስማማል። ይህን መስመር ተከትሎ የተቀየሰውን የከተማዋን ክፍል ዩኔስኮ በ2023 ከዓለም ቅርስነት መዝገብ አግብቶታል።

በዚህ ላይ ፈገግ ብለሽ ከሆነ ትንሽ ቆዪ። ተረቶቹ ምን እንዳላሉ አስተውዪ። ተራራው አይነሣም አላሉም። እንዲያውም ምድጃው አልጠፋም፣ ግቢው ገና ይደግሳል ነው የሚሉት። ሰውየው ተከራይ መሆኑን፣ ባለቤቱ ሌላ መሆኑን፣ ዛፍ ሲቆርጥ የሚያይ እንዳለ፣ አንድ ቀን ውጣ ሊባል እንደሚችል ነው የሚነግሩት። የእሳተ ገሞራ ተመራማሪ በካርታ ላይ ቀይ ቀለም ቀብቶ የሚያሳየውን ነገር ካርታው ከመሠራቱ በፊት በዚህ መንገድ ያዙት። እንስሳት ከላይ ሲወርዱ፣ ምንጭ ሲደርቅ፣ የሽማግሌ ሕልም ሲከፋ ዕቃ መሸከፍ ያውቁ ነበር። ሁሉም ምልክት ልክ አይደለም፤ የአንዳንዱ ሕልም ከንቱ ነው። ጆሮ ማቆም ግን ከንቱ አይደለም።

ተረት ደግሞ የመንደር ብቻ እንዳይመስልሽ። ፋን ቤመለን የሚባል ትልቅ የኔዘርላንድ ጂኦሎጂስት በ1949 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ ሜራፒ በ1006 ተንዶ፣ ከሰኖፓቲው በፊት የነበረውን የጥንቱን የማታራም መንግሥት አጥፍቶ፣ ነገሥታቱን ወደ ምሥራቅ ጃቫ አሳደዳቸው የሚል ሐሳብ አቀረበ። እንዴት ያለ ታሪክ! የቦሮቡዱር ታላቅ ቤተ መቅደስ በአመድ ሲቀበር፣ ንጉሡ በጨለማ ሲሸሽ በዓይነ ኅሊናሽ ይታይሻል። አስጎብኚዎች እስከ ዛሬ ይተርኩታል። ችግሩ ቤተ መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ የተዛወረው በ929 ገደማ፣ በንጉሥ ሲንዶክ ዘመን፣ ከዚያ ከተባለው ጥፋት ሰባ ዓመት በላይ ቀድሞ መሆኑ ነው። የ1006 ጥፋት የተባለውም በድንጋይ ጽሑፍ ላይ የተገኘ ሲሆን፣ ሊቃውንቱ ቀርበው ሲያነቡት ስለ ጦርነት የሚያወራ ሆነ፤ ዓመቱ ራሱ አከራካሪ ነው። እንግዲህ ኮትና ክራባት የለበሰም ተረት ይወልዳል። ልዩነቱ፣ የመንደሩ ሰው ተረት መሆኑን እያወቀ ይተርካል።

የማያከራክረውን ልንገርሽ። በዲሴምበር 1930 ሜራፒ በምዕራብ ጎኑ ወርዶ 1,369 ሰው ገደለ። በኖቬምበር 1994 የቁልሉ አንድ ወገን ተንዶ ቱርጎ የምትባል መንደር ሲደርስ ሰዉ ሠርግ ላይ ነበር፤ ከ60 በላይ ሞቱ። በሁለቱ ጊዜያት መካከል ስድሳ አራት ዓመት አለ፤ ተራራው በዚያ ሁሉ ዓመት በየጊዜው ሲነሣ ብዙውን ጊዜ መንደር ሳይነካ ተመልሷል። ይህን ልብ በዪ፤ የቀረው ነገሬ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

መባውን ወደ ተራራው የሚያደርስ፣ በሱልጣኑ ስም ከላይኛው ግቢ ጋር የሚነጋገር ሰው ይሾማል። ጠባቂ ልበልሽ። በ1982 የተሾመው ማሪጃን ነበር፤ ሥራውን ከአባቱ ወረሰ። ኪናሕረጆ በምትባል፣ ከአፉ ጥቂት ኪሎ ሜትር በምትርቅ ከፍተኛ መንደር ይኖር ነበር። ሀብታም አልነበረም፣ ከቤተ መንግሥት የሚያገኘውም ለስም ያህል ነበር። ሰዉ ምባ ማሪጃን ይለዋል፤ ምባ ለአያት የሚሰጥ ማዕረግ ነው፣ እኛ አባባ እንደምንለው።

በ2006 ተራራው ተነሣ። በሜይ አጋማሽ ባለሙያዎች ማስጠንቀቂያውን ወደ መጨረሻው ደረጃ አወጡት፤ ነዋሪው እንዲወርድ ተነገረ። ማሪጃን አልወርድም አለ። ሱልጣኑ፣ እሱም የክፍለ ሀገሩ ገዥ ነው፣ ውረድ ቢለው፣ የሾሙኝ አባቱ ናቸው፣ ከእሳቸው ትእዛዝ ካልመጣ የሚል መልስ ሰጠ ተባለ። አባትየው ካረፉ ቆይተዋል። የሚያስቅም የሚያሳዝንም መልስ ነው። ሌላው ሰው የመንግሥትን ቃል እንዲሰማ ግን ራሱ ይመክር ነበር፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። እኔ ሹመቴ እዚህ ነው፣ እናንተ ውረዱ።

ያን ጊዜ ማሪጃን ዳነ። መንደሩም ዳነች። ይህ ብቻ አይደለም፦ በጁን 13 ተራራው የበረደ መስሎ ማስጠንቀቂያው ዝቅ ተደረገ፤ በማግስቱ የጋለው ደመና ወርዶ ካሊአደም የምትባለውን ጎረቤት መንደር ሸፈነ። ለእንዲህ ያለ ቀን ተብሎ በተሠራ ምሽግ የተጠለሉ ሁለት የነፍስ አድን ሰዎች እዚያው ሞቱ። እንግዲህ በሰዉ ዓይን ሆነሽ እዪው። ባለሙያው ውጡ ባለበት ሰሞን የሽማግሌው መንደር አልተነካም፤ ባለሙያው ተረጋጉ ባለ በማግስቱ ሰው ሞተ፤ ሽማግሌው ግን ከቤቱ ሳይነሣ ደኅና ነው። ከዚያ በኋላ የማሪጃን ፎቶ በየጋዜጣው ወጣ፣ ኃይል ሰጪ መጠጥ በቴሌቪዥን አስተዋወቀ፣ ጎብኚ ደጁን አጣበበው። የፈራ የለም ማለት ይቻላል።

አራት ዓመት አለፈ። በኦክቶበር 2010 ከተራራው ሥር ያለው ንቅናቄ በረታ፣ ጎኑ አበጠ። የአገሪቱ የእሳተ ገሞራ ማዕከል ኃላፊ ሱሮኖ በኦክቶበር 25 ማስጠንቀቂያውን ወደ አራተኛው፣ ወደ መጨረሻው ደረጃ አወጣ፤ በ10 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለ ሁሉ እንዲወጣ ተነገረ። ብዙው ወጣ። ማሪጃን እንደ ልማዱ ቀረ። ሽማግሌው ካልወጡ ብለው የቀሩም ነበሩ። በማግስቱ አመሻሽ ላይ የጋለው ደመና ኪናሕረጆ ደረሰ። ከ30 በላይ ሰው ሞተ፤ ከእነሱ መካከል እሱን ለማስወጣት የወጡ አንድ ጋዜጠኛና አንድ የቀይ መስቀል በጎ ፈቃደኛ ነበሩ። የሰማንያ ሦስት ዓመቱ ማሪጃን በቤቱ ውስጥ ለጸሎት እንደሰገደ ተገኘ ተብሎ ተዘገበ።

ይህን ታሪክ ሲያወሩ ሁለት ዓይነት ሰው አጋጥሞኛል። አንደኛው ይስቃል፤ መሃይም ሽማግሌ በተረት ሞተ ይላል። ሁለተኛው ያለቅሳል፤ ሹመቱን ያልከዳ ጀግና ነው ይላል። ሁለተኛው ወደ እውነት ይጠጋል ብዬ አምናለሁ፤ ሰውየው የገባውን ቃል ጠብቆ ሞቷል፣ ይህን የሚያክል ሰው በየመንደሩ አይገኝም። ግን ሁለቱም ያለፉት ነገር አለ። የማሪጃንን ጎረቤቶች የገደለው ስለ ቀጥቃጮቹ ወይም ስለ እንቁላሉ የሚወራው ተረት አይደለም። የ2006 መዳን ነው። ያኔ ቀርተን ምን ሆንን? የሚለው ጥያቄ ነው የያዛቸው። ተረቱ ግቢው ይደግሳል ነበር የሚለው፤ አይነካችሁም የሚለውን የጨመሩት ከአራት ዓመት በፊት ካዩት ነው። ይህ ደግሞ እምነት ሳይሆን ከማስረጃ የመጣ ድምዳሜ ነው፤ ማስረጃው አንድ ብቻ መሆኑ ነው ጉዱ። አንቺም የተማርሽ ሰው ነሽ፣ በዚህ ወጥመድ ለመውደቅ ተረት ማመን አያስፈልግሽም።

ሁለተኛው ነገር እግር ነው። ማሪጃን በአፉ ውረዱ እያለ በእግሩ ቀረ፤ ሰዉ የሰማው እግሩን ነው። በመንደር ውስጥ ክብር ያለው ሰው የሚናገረው በተቀመጠበት ነው። ስለዚህ መንግሥት ሺህ ማይክሮፎን ቢያስጮህ፣ ያ አንድ ሰው በሩ ላይ ከተቀመጠ የመንግሥት ድምፅ ብዙ ርቀት አይሄድም። ይህን ለመረዳት ጃቫ መሄድ አያስፈልግም፤ ቀበሌ ስብሰባ የገባ ሁሉ ያውቀዋል።

ታሪኩ በዚያ ምሽት አላበቃም። በኖቬምበር መጀመሪያ ተራራው ከመቶ ዓመት ወዲህ ያልታየ ኃይል አሳየ። ሱሮኖና ባልደረቦቹ በመሬት መንቀጥቀጥ መሣሪያና በሳተላይት ራዳር እየተከታተሉ የአደጋውን ክልል መጀመሪያ ወደ 15፣ ከዚያ ኖቬምበር 5 ሌሊት ወደ 20 ኪሎ ሜትር አሰፉት። የዚያን ሌሊት የጋለው ደመና ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ የራቁ መንደሮች ድረስ ወረደ። የሟቹ ቁጥር በጠቅላላ ከ350 በላይ ደረሰ፤ የተፈናቀለው ወደ 400,000 ሰው ነው። ባለሙያዎቹ ኋላ ባደረጉት ስሌት ሕዝቡ በወቅቱ ባይወጣ ኖሮ ከ10,000 እስከ 20,000 ሰው ይሞት ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሕዝቡ ለሱሮኖ ምን ስም እንዳወጣለት ታውቂያለሽ? ምባ ሮኖ። የሽማግሌውን ማዕረግ ለሳይንቲስቱ ሰጠው። ሰዉ ሳይንስን እምቢ አላለም ማለት ነው። የሚያምነው ሰው ይፈልግ ነበር፤ ሱሮኖም በየቀኑ በቴሌቪዥን እየቀረበ በሚገባ ቋንቋ ስለ ተናገረ፣ ያለው ሲሆን ስላዩ፣ አባባ አሉት።

ሌላም ነገር አለ፣ የሪፖርት ጸሐፊዎች በግርጌ ማስታወሻ የሚያልፉት፦ ላም። በመጠለያ ያሉት ሰዎች በየማለዳው ሾልከው ወደ ላይ ይወጡ ነበር፤ ሣር አጭደው ላማቸውን አብልተው ይመለሳሉ። አንዳንዱ ሳይመለስ ቀረ። መንግሥት ይህን ሲያይ ከብቱን እኔ እገዛለሁ አለ። ግን ለላም የሚታሰበው ተራራው ሳይነሣ ነው፤ የወተት ላም ያለው ሰው ጥጃዋን ትቶ ድንኳን ውስጥ ተኝቶ አያድርም።

የማሪጃን ልጅ አሲህ በ2011 በአባቱ ቦታ ተሾመ። በዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ሰው ነው። መባውን በየዓመቱ ይዞ ይወጣል፣ ጸሎቱን ያደርሳል፤ ባለሙያዎቹ ውረድ ሲሉ ግን ይወርዳል፣ ይህንንም በግልጽ ተናግሯል። ሱልጣኑም ሆነ ቤተ መንግሥቱ ላቡሃንን አላስቀረም። በኪናሕረጆ ዛሬ ጎብኚ በጂፕ እየተጫነ የቀለጠ የቤት ዕቃ ሊያይ ይመጣል፤ የንግድ ነገር እንግዲህ።

ይህን ሁሉ የማወራሽ ፈንታሌ አካባቢ በአደጋ መከላከል ሥራ ልትመደቢ መሆኑን እናትሽ ስለነገረችኝ ነው። እዚያ የሚጠብቅሽ ነገር ከ2006ቱ ሜራፒ ብዙ አይርቅም። ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል መሬቱ ለወራት ተንቀጠቀጠ፣ ግድግዳና አስፋልት ተሰነጠቀ፤ በጃንዋሪ 2025 ዶፈን ላይ እንፋሎትና ጭቃ ወጣ፤ ከአፋርና ከኦሮሚያ ወረዳዎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ተነሥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሄደ። ቅልጥ ዐለቱ ከሥር ተጓዘ፣ ወደ ላይ ግን አልወጣም። ስለዚህ ስትደርሺ የምትሰሚው ይህ ነው፦ አስነሡን፣ ከብታችን ተጎዳ፣ ምንም አልሆነም። አትከራከሪያቸው። እውነታቸውን ነው፣ አልፈነዳም። በኖቬምበር 23 ቀን 2025 ግን ከኤርታ አሌ ደቡብ ያለው ሃይሊ ጉቢ፣ በታሪክ ፈነዳ ተብሎ ያልተመዘገበው፣ ተነሥቶ አመዱን ቀይ ባሕርን አሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም አልፎ ሕንድ አደረሰው። አፍዴራ አካባቢ ያለው አርብቶ አደር ግጦሹ በአመድ ተሸፈነበት። ዝም ያለ ተራራ ምን እንደሚያደርግ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የለሽም፤ ግን እንደ ማስፈራሪያ ሳይሆን እንደ ወሬ አድርገሽ አንሺው።

ቢሮ ከመግባትሽ በፊት የከረዩና የአፋር ሽማግሌዎች ዘንድ ሂጂ። የመጀመሪያ ጥያቄሽ ስለ ተራራው አይሁን፤ ስለ ከብቱ ይሁን። ክረምት ወዴት ይነዳሉ፣ በበጋ ውሃው የት ነው፣ ድንገት ቢነሡ ግመሉን ማን ይነዳል፣ የሚያርፉበት መሬት የማን ነው፣ ከዚያ ጎሳ ጋር ሰላም ናቸው? ካርታሽ ላይ ባዶ የሚመስለው ቦታ ባለቤት አለው። ከዚያ ቀስ ብለሽ፣ እዚህ መንደር ማን ከተነሣ ሌላው ይነሣል? ብለሽ ጠይቂ። ስሙን አትጻፊ፤ በቃልሽ ያዢው። መሬቱ በተንቀጠቀጠ ቀን ሳይሆን ቡና በሚጠጣበት በሰላም ቀን ደጋግመሽ ሂጂበት። የመሣሪያው ንባብ ሲመጣ አሳዪው፣ በመጀመሪያ ለእሱ ንገሪው። አላወቅንም የምትሉበት ቀን ሲመጣ ደግሞ፣ ይመጣልም፣ አላወቅንም በይው። በ2006 በሜራፒ ማስጠንቀቂያውን ባወረዱት ሰዎች አልፈርድም፤ ግን ቁጥሩ ሲቀንስ አደጋው ቀነሰ የሚል ጆሮ ታች እንዳለ ማሰብ ነበረባቸው።

አንድ ነገር ለራስሽ። ወጣት ነሽ፣ ተራራ ያምርሻል፤ ፎቶም ትወጃለሽ። ሱማትራ ደሴት ላይ ማራፒ የሚባል፣ ከሜራፒ ስሙ ብቻ የሚቀራረብ ሌላ ተራራ አለ። ከአፉ በ3 ኪሎ ሜትር ዙሪያ አትቅረቡ የሚል ምክር ለዓመታት ተሰጥቶበት ሳለ ወጣቶች ቅዳሜና እሑድ ይወጡት ነበር። በዲሴምበር 3 ቀን 2023 ድንገት ተነሣና 24 ተራራ ወጪዎች ሞቱ። ምክሩ የወረቀት ጌጥ መስሎ ነበር። አንቺ ደግሞ ምክሩን የምትጽፊው ሰው ልትሆኚ ነው፤ በእግርሽ ምን እንደምትዪ ልብ በዪ።

ከመተሐራ ስታልፊ ከበሰቃ ሐይቅ ዳር፣ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የምታዪው ጥቁር የድንጋይ ሜዳ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ከፈንታሌ ደቡብ ጎን ተሰንጥቆ የፈሰሰ ላቫ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ለአርብቶ አደር የትውልድ ሐረግ ሩቅ አይደለም፤ አባት ሲቆጥሩ ስድስትና ሰባት ቢሉ ይደርሱበታል። ያን ሌሊት እሳት ሲወርድ ያየ የአንዱ ቤተሰብ አያት ነበር። ያ ሰው የት ቆሞ እንዳየው፣ በየት በኩል እንደሸሸ፣ ከብቱን የት እንዳሳደረ፣ ተራራው ለምን ተቆጣ ተብሎ እንደተነገረ ጠይቂ። የሚነግሩሽ ጅን ይኑርበት፣ እርግማን ይኑርበት፣ እንዳለ ጻፊው፤ አታርሚው። የሸሸበትን አቅጣጫ ግን ለብቻው፣ ካርታው ላይ አስቀምጪልኝ።